እትዬ ማልሱን ከባሕር የቀሩ ለት

በእኛ መንደር፣ ጄጁ ደሴት ላይ፣ ባሕር ጠልቆ ቀንድ አውጣ የሚለቅመው ሴት ነው። ከሴቶቹም እንደ እትዬ ቡ ማልሱን ትንፋሹን አምቆ የሚቆይ አልነበረም። ባላቸው ከሞቱ፣ ልጃቸውም ቡሳን ከተማ ከገባ ወዲህ ሰው የሚያገኙት ከባሕር ወጥተን እሳት ስንሞቅ ብቻ ነበር። እዚያማ ምላሳቸው አይጣል ነው!

አምና ብርዱ ሲገባ አንድ ጠዋት ደረታቸውን ይዘው ደጄ ላይ ቆሙ።

«የትናንቱ ዓሣ አልወርድ ብሎኝ ነው። ነይ ጣቴን ውጊኝ።»

እኛ ዘንድ ምግብ አልፈጭ ሲል ክንድ ወደ ታች ይታሻል፤ ከዚያ አውራ ጣት በክር ታስሮ በመርፌ ይወጋል። ብቻውን የሚኖር ሰው ለዚህም ሰው ያሻዋል። ወጋኋቸው፤ ጥቁር ደም ወጣ።

«አዩ? ይኸው ወጣልዎት» አልኩ፣ ሐኪም ነኝ ባይ።

«እጅሽ ቀላል ነው። ምነው ምላስሽም እንዲህ በሆነ!»

በወር ውስጥ አራቴ መጡ። በአራተኛው ከወጋኋቸው በኋላም ከንፈራቸው አመድ መስሎ ሳይ እየጎተትኩ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው።

«ሆድዎ አይደለም፣ እማማ» አላቸው ወጣቱ ሐኪም። «የልብዎ የደም ሥር ጠቧል። ልብ ደም ሲያጥረው፣ አየር የሚፈጀውን ስብ ማቃጠል ይቀንስና ስኳሩን ያለ አየር ያቃጥላል። ከዚያ የሚያገኘው ጉልበት ጥቂት ነው፤ አሲድም ይጠራቀምበታል። ደረትዎን ጨምቆ የሚይዝዎት ያኔ ነው።»

«ባሕር ሥር ስቆይ ጭኔ እንደሚቃጠለው ነዋ!»

«እንደሱ። ጭንዎ ግን ሲወጡ ያርፋል። ልብዎ መቼ ይረፍ? ከእንግዲህ መጥለቅ የለም።»

ከደጅ ስንወጣ ክንዴን ጨመደዱኝ። «ትንፍሽ እንዳትይ! እሳቱ ዳር ካልተቀመጥኩ ከማን ጋር ላወራ ነው?»

ያልጠለቀ እሳቱ ዳር አይቀመጥም፤ ደንባችን ነው። ሁለት ቀን ነገሩን ዋጥኩት። በሦስተኛው ቀን የመጥለቂያ ልብሳቸውን ለብሰው ሲመጡ ሳይ ፈራሁና ለጠላቂዎቹ አለቃ ነገርኳት። እሷም ሁላችን ፊት ከባሕሩ መለሰቻቸው። «ግድ የለም፣ እንዲያው ከእኛ ጋር ይሙቁ» ብንላቸው «ለማኝ አደረጋችሁኝ?» ብለው ሄዱ።

አሁን ደህና ናቸው፤ መድኃኒታቸውንም ይወስዳሉ። አራቴ በከንቱ ለወጋሁት ጣታቸው አንድ ቀን ወቅሰውኝ አያውቁም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ግን ፊታቸውን ያዞራሉ። ትናንት የሩዝ አጥሚት ይዤ ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ።

«ማነው?» አሉ ከውስጥ፤ ድምፃቸው ደስ ያለው ይመስላል።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አልኩ።

በሩ ሳይከፈትልኝ አጥሚቱ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።