ዕድሜ የሚጨመርበት ሥዕል

ቀይ ቀለም ሰልችቶኛል። ይህን ስል የሚሰማኝ ሰው ይስቃል፤ ሰዓሊ ቀለም ሰለቸኝ ካለ ነገ ወጥ ሠሪ ሽንኩርት ሰለቸኝ ልትል ነው። በደርግ ጊዜ ነቀምቴ ውስጥ በብሩሽ ያደረ ሰው ግን አይስቅብኝም። እኔ ራሴን ሰዓሊ እል ነበር እንጂ ሥራዬ መፈክር መጻፍ ነበር። አቡጀዲዱ ቀይ ሲሆን ጽሑፉ ነጭ፣ አቡጀዲዱ ነጭ ሲሆን ጽሑፉ ቀይ። ለውጥ ማለት ይቺ ነበረች።

የአብዮት በዓል መስከረም ላይ ስለሚውል ሥራው የሚጠናው ክረምት ነው። የወለጋን ክረምት የቀመሰ ያውቀዋል፤ ሐምሌና ነሐሴ እንኳን ቀለም የሰው ካልሲም አይደርቅም። የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ገመድ ወጥሬ፣ አቡጀዲዱን እንደታጠበ ልብስ አሰጣና ከሥሩ የከሰል ምድጃ እደረድራለሁ። የከሰሉ ጭስ፣ ቀለም የማቀጥንበት የአኳራጅ ሽታ፣ የርጥቡ ጨርቅ ጠረን ተደባልቆ ራሴን ሲፈልጠው ይውላል። እሳትና አኳራጅ አንድ ቤት ውስጥ አድረው አዳራሹ አለመቃጠሉ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። አንዳንዴማ ቢቃጠል ብዬ የተመኘሁበት ቀን አለ። በዓሉ ሲቀርብ ደግሞ ከባልዲና ከመሰላል ጋር ጭነት መኪና ላይ ያወጡኝና ወደ ጊምቢ፣ ወደ አርጆ፣ ወደ ደምቢ ዶሎ ይወስዱኛል፤ በየከተማው መግቢያ የሚቆመውን የእንጨት ቅስት የምቀባው እኔ ነበርኩ። ስመለስ ወገቤ ተቆርጦ ነው፤ ጥፍሬ ሥር የገባው ቀይ እስከ ጥቅምት አይለቅም።

ከመፈክሩ የባሰው የሊቀመንበሩ ሥዕል ነው። የውጭዎቹን የሶሻሊዝም አባቶች፣ እኔና ጓደኞቼ በሹክሹክታ "ጢማሞቹ" የምንላቸውን፣ ለመሥራት ብዙም አልቸገርም ነበር፤ ጢም የሰዓሊን ጉድ ይሸፍናል። ሊቀመንበሩ ግን ከአዲስ አበባ በተላከ አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነበር የሚሳሉት። ከፎቶው ዝንፍ ማለት ክልክል ነው። ፎቶው ላይ በእርሳስ ካሬ አሰምራለሁ፣ ኮምፔርሳቶው ጣውላ ላይ ያንኑ ካሬ አሳድጌ አሰምራለሁ፣ ከዚያ ካሬ በካሬ መገልበጥ። በየዓመቱም ያው ፎቶ፣ ያው ፈገግታ። እኔ መሸበት ጀመርኩ፤ እሳቸው ንክች አላሉም።

አንድ ክረምት የቀበሌው ካድሬ መጥቶ ሥዕሉ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመ።

"ጓድ ሰዓሊ፣ ጓድ ሊቀመንበር እዚህ ላይ የደከማቸው ይመስላሉ" አለኝ።

"ፎቶውን ነው የገለበጥኩት፣ ጓድ።"

"ፎቶው ላይ አልደከማቸውም።"

እውነቱን ነበር። ቀረብ ብዬ ባየው ዓይኖቹ የእኔ ናቸው። ማለዳ ማለዳ መስታወት ውስጥ የማያቸውን ዓይኖች ነው ሰውዬው ላይ የለጠፍኩት። ያን ቀን ደንግጬ ዓይኖቹን አጠፋሁና እንደገና ሣልኩ፤ ወደ ቤቴ ስሄድ ግን ብቻዬን ሳቅኩ።

ከሥራ ስወጣ መዝናኛዬ አንድ ጉራጌ ነጋዴ ሱቅ መቀመጥ ነበር። የሱቁን ማስታወቂያ የጻፍኩለት እኔ ነኝና ከዚያ ወዲያ ወንበሩ የእኔ ሆነ። በጠርሙስ ክዳን ዳማ እንጫወታለን። አመሻሹ ላይ ራዲዮኑን ዝቅ አድርጎ የውጭ ጣቢያ ይፈልጋል፤ ጣቢያው እየሾለከ ሲያስቸግረው ጆሮውን ለጥፎ በዓይኑ ደንበኛ ይጠብቃል። እኔ ደግሞ የሲጋራ ፓኮ ገልብጬ በውስጡ ነጭ ወረቀት ላይ የሰው ፊት እሞነጫጭራለሁ። ማንም ያላዘዘኝ ሥዕል ያ ብቻ ነበር።

"ወፈር አድርገህ ሳለኝ" ይለኛል። "አገር ቤት እልከዋለሁ። ከተማው ተመችቶታል ይበሉ።"

ባኬ ጃማ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከእኔ ቤት ዝቅ ብሎ አንዲት ቅቤ ሻጭ ነበረች። ባሏ ሞቷል፤ ሴቶች ልጆቿ አግብተው ርቀዋል፤ አብሯት የቀረው የመጨረሻ ልጇ ነበር። እኔ እናትና አባቴ ከጎጃም መጥተው ነቀምቴ የወለዱኝ ነኝና ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እችላለሁ፤ ሁላችንም እንደምንጠራት "አዮ" እላታለሁ፣ እማዬ እንደማለት ነው። መጀመሪያ አንቱ ስላት "አንቱ ለባዕድ ነው" ብላ ከልክላኛለች።

ልጇን ከጉቴ ገበያ ሲመለስ አፈሱት። ብሔራዊ ውትድርና ሁለት ዓመት ነው ተብሎ ነበርና ሁለት ዓመት ምን አላት ብለን አጽናናናት። እሷ ግን በሳምንቱ በሬን ቆረቆረች።

"አካም ጂርታ፣ ኢልማ ኮ? እንዴት ነህ፣ ልጄ?" አለችና ከመቀነቷ አንድ ጉርድ ፎቶግራፍ ፈታች። ከመታወቂያ ላይ የተነቀለ ነው፤ የቀበሌው ማኅተም አገጩ ላይ አርፎበታል። "ትንሽ አድርገው ሰጡኝ። አንተ ትልቅ አድርግልኝ።"

"አገጩን ማኅተም በልቶታል፣ አዮ። እንዴት ያለ ነበር?"

ጣቷን የራሷ አገጭ ላይ አደረገች። "ይሄው፣ ከኔ ውሰድ።"

ከሊቀመንበሩ ሥዕል በተረፈ ኮምፔርሳቶ ላይ ሠራሁት። ቀዩን ከነጭና ከቢጫ ጋር ስመታው የሰው ገላ ወጣ። በዚያ ሁሉ ዓመት ያ ቀይ የሰው ገላ እንደሚወጣው ረስቼ ነበርና ደስ አለኝ፤ የእውነት ደስ አለኝ። ፂም ያልነካው፣ ጆሮው ትንሽ የቆመ፣ የእናቱን አገጭ የያዘ ልጅ። እሷም አይታ ሥዕሉን በነጠላዋ ጠቅልላ እንደ አራስ ልጅ ታቅፋው ሄደች። በማግስቱ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ደጄ ላይ አገኘሁ።

በዓመቱ ገደማ ከሰሜን ደብዳቤ መጣላት። ጎረቤት አንብቦላት እየሳቀች ወደ እኔ መጣች። ልጁ ደህና ነኝ ብሏል፤ ብርዱን አማሯል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሪዝ አብቅያለሁ ብሎ ጽፏል።

"እስቲ ሪዙን ጨምርልኝ። ሰው ሆኗል እኮ!"

እኔም እየሳቅኩ ከላይኛው ከንፈሩ በላይ ስስ ሪዝ አበቀልኩለት። ከሩቅ የሚታይ አልነበረም። እሷ ግን ቀርባ አየችው፣ ርቃ አየችው፣ በመጨረሻ "ወይ ጉድ፣ አባቱን!" አለች።

ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ አልመጣም። ሁለቱ ዓመትም አለፈ፤ የለቀቀው ግን የለም። አዮ በየዓመቱ ከበዓሉ በኋላ፣ መፈክሩን ጨርሼ እጄ ሲያርፍ፣ ሥዕሉን አቅፋ ትመጣ ጀመር። "ዘንድሮ ጉንጩ ይሞላል፤ አባቱ በዚህ ዕድሜው ሞልቶ ነበር።" እሞላለሁ። "ትከሻው ይሰፋል፤ ወታደር አይደለም እንዴ?" አሰፋለሁ። "ፂሙ ሙሉ ሆኗል።" ጥቁር አነሳለሁ። አንድ ዓመት ግንባሩ ላይ ስስ መስመር አስጨመረችኝ፤ "ሐሳብ አለበት፣ ስለኔ ያስባል" ብላ። የሊቀመንበሩን ሥዕል ስሠራ ብሩሹ ድንጋይ ሆኖ ይከብደኛል፤ የእሷን ልጅ ስሠራ ደግሞ ሌላ ዓይነት ድካም ያዘኝ። ነጋዴው ወሬውን ሰምቶ "ሰዓሊው፣ መቼ ልትድረው ነው?" እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

አንድ ቀን ግን ራዲዮኑ ሰሜን ውስጥ ስለተደመሰሰ ጦር ሰፈር ሲያወራ ነጋዴው ከዳማው ቀና ብሎ "ልጁ ሞቶ ቢሆንስ?" አለኝ።

"አንተ ሱቅህን ጠብቅ!" ብዬ ተቆጣሁት። ዳማውን በትኜ ወጣሁ።

የተቆጣሁት እኔም ከዚያ በፊት ሳስበው ስለነበር ነው። ልጁ ይኑር አይኑር የሚያውቅ አልነበረም። መንግሥት ሞቷል አላለም፤ በሕይወት አለም አላለም። ሞተ ያለ ሰው ከሌለ መርዶ የለም፤ መርዶ ከሌለ ልቅሶ የለም። ያላለቀሰች እናት ከመጠበቅ በቀር ምን ታደርጋለች? ፂሙን ሳጠቁር እጄ ይከብደኛል። የለም ብዬ ብተወው ገደልኩት ማለት ነው፤ ብቀጥል ደግሞ የሌለ ሰው እያሳደግሁ ይሆናል። ፈራሁ። ፈርቼም ቀጠልኩ።

አንድ ሰኔ፣ ገና መፈክር ሳይጀመር፣ አዮ መጣች። ያለ ጊዜዋ ነበር የመጣችው። ሥዕሉን ግድግዳ አስደግፋ፣ ቁጭ ብላ፣ ጉልበቷን ስታሻሽ ቆየች።

"ከልጄ ጋር አንድ ቀን የታፈሰው የጉቴው ልጅ መጥቷል" አለች። "አንድ እግሩን ትቶ መጣ። በክራንች ነው የሚሄደው። ገበያ ላይ አየሁት፤ እሱም አየኝ።"

"ምን አለሽ?"

"ምንም። እኔን ላለማግኘት ደረቁን መንገድ ትቶ በጭቃው ተሻገረ።"

"ተከትለሽ አልጠየቅሽውም?"

"ክራንች ይዞ ጭቃ የመረጠ ሰው ምን ይጠየቃል፣ ኢልማ ኮ?"

ወደ ሥዕሉ ዞረች። "እንደ ነበረ መልሰው" አለች።

ቀለሙ ዓመት በዓመት ላይ ተነባብሮ ወፍሯል። በአኳራጅ ጨርቅ ነክሬ አለሰለስኩት፣ በምላጭ ቀስ እያልኩ ፋቅሁት። መጀመሪያ የግንባሩ መስመር ሄደ። ቀጥሎ ሙሉ ፂሙ፣ ቀጥሎ የሞላው ጉንጩ። እያንዳንዱን ስፍቅ እሷ ቀና ብላ ታየዋለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ትጸልይ ነበር መሰለኝ። የምትጸልይበትን የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ደርግ ካሸገ ወዲህ ጸሎቷ እንዲህ ነበር። ፊቱ እየሳሳ፣ ልጅ እየሆነ መጣ። ምላጬን ከላይኛው ከንፈሩ በላይ ሳሳርፍ እጄን ያዘችኝ።

"ተው። ሪዙ የራሱ ነው፤ በእጁ ጽፎ የነገረኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን እኔና አንተ ነን ያበቀልነው።"

ምላጩን አስቀመጥኩ። የተፋቀውን ቦታ በገላ ቀለም ጠገንኩና ሥዕሉን መለስኩላት። እሷ ግን አልተነሳችም።

"ነገ በማለዳ ሰው ይዘህ ና" አለችኝ።

"ለምን፣ አዮ?"

"አርዳኝ። መንግሥት አላረዳኝም፣ ያ ልጅም አላረዳኝም። ሰው ሳይነግረኝ እንዴት አለቅሳለሁ?"

"እኔ ምን አውቄ ነው የማረዳሽ? አላየሁ፣ አልሰማሁ።"

"እኔም አላየሁም። ግን ፊቱን ከኔ ቀጥሎ የምታውቀው አንተ ነህ።"

እምቢ ልላት አልቻልኩም። መንግሥት ሞተ ላላለው ወታደር ድንኳን መጣል በቀበሌ ሊያስጠይቅ እንደሚችልም አስቤ ነበር። ይጠይቁኝ አልኩ። ካድሬውን መፍራትም እንደ ቀዩ ቀለም ሰልችቶኝ ነበር።

ነጋዴው ስነግረው አልቀለደም። ሱቁን ሳይከፍት መጣ። የታሸገው ቤተ ክርስቲያን አንድ ሽማግሌና ሁለት ጎረቤት ሴቶች ተጨመሩ። ገና ሳይነጋጋ፣ ደንቡ እንደሚለው ሰው ከአልጋው ሳይወርድ ለመድረስ፣ በዝናቡ ጭቃ ወረድን። አዮ ቤት ስንደርስ ግን ግቢው ተጠርጎ፣ አግዳሚ ወንበሮች ከየቤቱ ተለቃቅመው በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል። ሌሊቱን አልተኛችም ማለት ነው። ነጋዴው ወንበሮቹን አይቶ ፊቱን አዞረ።

በሩን አንኳኳሁ። እንቅልፍ ላይ እንደነበረ ሰው ቆይታ ከፈተች። አንድ በአንድ አየችን።

"ናጋ ዳ? ሰላም ነው? ምነው በዚህ ማለዳ ምን ሆናችሁ?" አለች።

ሽማግሌው እኔን አየኝ። ሴቶቹም እኔን አዩ። አዮ ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል ቆማ ትጠብቃለች። የምትለምነኝን አወቅሁት፤ ቶሎ በል ነው የምትለኝ።

"አዮ" አልኩ፣ "ልጅሽ አይመጣም። ልጅሽ ሞቷል።"

እንደማታውቅ ሆና ትጮሃለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ደጃፉን በሁለት እጇ ይዛ፣ ፊቴን እያየች፣ "ማነው የነገረህ?" አለችኝ፤ የምር ነበር የምትጠይቀኝ። መልስ እንደሌለኝ ስታይ ነው እዚያው መሬት ላይ ወድቃ የጮኸችው።