የእናቴ ጃንጥላ ወደ እንጦጦ

ሳንሱሲ፣ ጎህ ሲቀድ

«ኬብል ካሩን አይተሽ ጻፊልን» እያላችሁ አንባቢዎቼ ስትወተውቱኝ ከረማችሁ። እሺ፣ ዛሬ ሄድኩላችሁ። የሄድኩት ግን ከእናቴና ከእናቴ ጃንጥላ ጋር ስለሆነ፣ ነገሩ እንደጠበቃችሁት ባይሆን በእኔ አትፍረዱ።

ጃንጥላው የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቀይ ከፈይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው። ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ ቁም ሳጥኑ ላይ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ልጅ ሆኜ እግሬ አልጸና ብሎ፣ እኩዮቼ ሲሯሯጡ እኔ በመቀመጫዬ ስንፏቀቅ፣ እናቴ ተሳለች። «እመቤቴ፣ ይቺ ልጅ ቆማ ከሄደችልኝ፣ እንጦጦ ድረስ በእግሬ ወጥቼ ጃንጥላ አስገባልሻለሁ» አለች። እኔ ሄድኩ፤ ጃንጥላውም ተገዛ። ከዚያ አባቴ ታመመ፣ አረፈ፣ ቤቱን ብቻዋን መሸከም መጣ፤ ዛሬ ነገ ስትል ጉልበቷ ከዳት።

አሁን ሐኪሙ ጉልበቷ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል ብሏል። እሷ ደግሞ «ስለቴን ሳላስገባ ቢላ አይነካኝም» ብላ ድርቅ አለች። ለመንናት፣ ተቆጣናት፣ በዘመድ አስመከርናት። የነፍስ አባቷ ሳይቀሩ «እመቤታችን ጉልበትሽን ታያለች፤ በመኪና ሄደሽ አስገቢ» አሏት። እሺ ትላለች፤ ቀኑን ግን አትቆርጥም። እያደር ከአልጋ መውረድ እያቃታት ሄደ።

ኬብል ካሩ ሥራ ሲጀምር ዘዴ መጣልኝ።

«እማዬ፣ መኪና እኮ አይደለም» አልኳት።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ገመድ ነው።»

ትንሽ አሰበችና «ገመድ ከሆነ ይሁን» አለች።

ዛሬ ሃያ አንድ፣ ማርያም ነው። ስነሳ እናቴ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ ጃንጥላውን ታቅፋ በሩ ሥር ተቀምጣለች። እኔ ፎቶ ላይ ያምርብኛል ብዬ አዲሱን ነጭ ጫማዬን አደረግኩ። ይህን ጫማ አስታውሱልኝ።

አስኮ፣ ፀሐይ ስትወጣ

እስከ ተራራው ሥር የሚያደርሰን ጎረቤታችን ቶሎሳ ነው፤ እናቴ «ስለቴ ያለው አቀበቱ ላይ ነው» ብላ እስከዚያ መኪናውን ፈቅዳለች። ታክሲ ነጂ ነው፤ ፕሮቴስታንት ነው፤ ከእናቴ ጋር በሃይማኖት ሳይነታረኩ የዋሉበት ቀን የለም። ሳይጠያየቁ የዋሉበትም የለም።

አስኮ ፌርማታ ረዳቶቹ ከአሁኑ ድምፃቸው ሰልሏል። ከቡራዩ በኩል የሚመጡት ሚኒባሶች ጣራቸው ላይ ጎመንና ከሰል ጭነዋል። ቶሎሳ በመስኮት ትኩስ ቦንቦሊኖ ገዝቶ ለእናቴ ሲዘረጋላት «ሳላስገባ አልቀምስም» አለችው። የእሷንም ድርሻ እኔ በላሁት፤ ቶሎሳ ግን ስታስገባ ትበላዋለች ብሎ ሌላ ገዝቶ አስቀመጠላት።

«እማማ የሺ፣ እኛ ቤት እኮ ስለት የሚባል ነገር የለም» አላት በመስታወቱ እያያት።

«ቃልስ የለም?»

«ቃልማ አለ።»

«ይኸው ነው። ንዳ!»

ዊንጌት ላይ መንገዱ ተጨናንቆ ቆምን። እናቴ ጃንጥላው እንዳይታጠፍባት ጉልበቷ ላይ አጋድማ ይዛዋለች፤ ቶሎሳ ፍሬን በያዘ ቁጥር እሷም ጃንጥላውን ትይዛለች። በአዲሱ ገበያ አድርገን ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ሱቆቹ ነጫጭ ቀሚሶቻቸውን ገና እየሰቀሉ ነበር። ከበላያቸው ተራራው፣ ባሕር ዛፉ፣ ከባሕር ዛፉ በላይ ደግሞ ቀጭኑ ገመድ።

ሽሮ ሜዳ፣ ከገመዱ ሥር

ጣቢያው መስታወት በመስታወት ነው። ሰልፉ ላይ ጥንዶች፣ ልጆቻቸውን የሚያባብሉ ወላጆች፣ ከወዲሁ ፎቶ የሚነሱ ወጣቶች። ከገመዱ የተንጠለጠሉ፣ ሦስት መቀመጫ ያላቸው ትንንሽ ክፍሎች እየተወዛወዙ ይመጣሉ፣ በሩ ይከፈታል፣ ሰው ይገባል፣ ይሄዳሉ። የእኔንና የእናቴን ትኬት ቆርጬ ተሰለፍን። ቶሎሳ ሊሸኘን አጠገባችን ቆሟል።

ተራችን ሲደርስ አስተናጋጇ «እማማ፣ ይግቡ፤ አይፍሩ» አለቻት።

«ፈራሁ ማን አለሽ?» አለች እናቴ። አንድ እግሯን አነሳች። መለሰችው።

«እማዬ፣ ግቢ እንጂ! ሰው እየጠበቀ ነው።»

«አልችልም። ቁጭ ብዬ ተዝናንቼ ወጥቼ፣ እመቤቴን በእግሬ መጣሁ ልበላት?»

«ገመድ ከሆነ ይሁን ብለሽ አልነበር?»

«ብዬ ነበር። አሁን ሳየው ወንበር አለው።»

ከኋላችን ማጉረምረም ተጀመረ። ከሰልፉ ወጣን። ተናደድኩ፤ አልዋሻችሁም፣ በጣም ተናደድኩ። የሐኪሙ ቀጠሮ፣ የሌሊት ማቃሰቷ፣ የወራት ልመናችን፣ ሁሉም በአንድ ወንበር ሊቀር ነው! እሷ ግን መናደዴን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። «አንቺ ሄደሽ ጽሁፍሽን ጻፊ፤ እኔ ቀስ እያልኩ በእግሬ እወጣለሁ» ብላ ጃንጥላውን ታቅፋ ወደ አቀበቱ ዞረች። ጥቂት ተራምዳ ግድግዳውን ያዘች። ከግድግዳው እጇን ለማንሳት ሞከረች፤ አቃታት። ፊቷን ወደ ተራራው እንዳዞረች ቀረች።

ያን ጊዜ ንዴቴ በረደ። አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ።

«እማዬ፣ የተሳልሽው ስለ ማን እግር ነበር?»

«ስላንቺ ነዋ።»

«እንግዲያው እግሩ ይኸውልሽ። እኔ በእግሬ ልውጣ፤ አንቺ ጃንጥላውን ይዘሽ በገመዱ ነይ። ማርያም ደጅ እንገናኝና አብረን እናስገባው።»

ነጭ ጫማዬን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከሳንሱሲ አስኮ ለመድረስ ታክሲ የምይዝ ሰው መሆኔን ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

«ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«መንገድ ላይ ታክሲ እንዳትይዢ።»

«አልይዝም።»

«ማይልኝ።»

«ማርያምን!»

ቶሎሳ ትኬቴን ከእጄ ወሰደና «እኔ አብሬያቸው እገባለሁ» አለ። እናቴም ወደ ሰልፉ ተመለሰች። በዚህ ጊዜ አስተናጋጇ ሳትጋብዛት ገባች፤ ወንበሩም ላይ ተቀመጠች።

አቀበቱ ላይ

እንግዲህ ኬብል ካሩ ከውስጥ ምን እንደሚመስል ከእኔ አትጠብቁ።

አቀበቱ መጀመሪያ ያታልላል። ጥቂት እንደሄዳችሁ ግን አየሩ ይሳሳል፤ ልብ ጆሮ ውስጥ ገብቶ ይመታል። ጫማዬ ፎቶ ላይ ቆንጆ ነው፣ ተረከዝ ላይ ግን ጠላት ነው። ሽቅብ የሚወጡ ታክሲዎች አጠገቤ ሲደርሱ ቀስ ይላሉ። «እንጦጦ! አንድ ሰው! ቦታ አለ፣ እህቴ!» አንዱ ረዳት በሩን ከፍቶልኝ ትንሽ ተከተለኝ። ማርያምን ብያለሁ እኮ! እጄን አወዛውዤ ሸኘሁት።

ልምምድ ላይ የነበረች ሯጭ ወደ ላይ አለፈችኝ፤ ቆይታ ወደ ታች አለፈችኝ፤ እንደገና ወደ ላይ ስታልፈኝ «በርቺ፣ ደረስሽ» አለችኝ። ውሸቷን ነበር፤ ግን ጠቀመኝ።

ባሕር ዛፉ በሳሳበት አንድ ገላጣ ላይ ገመዱ ዝቅ ብሎ ያልፋል። ቀና ስል ክፍሎቹ አንድ በአንድ እያለፉ ነው፤ ከአንደኛው መስታወት በስተጀርባ ቀይ ከፈይ አየሁ። ልጮህ አፌን ስከፍት ገመዱ ቀጥ አለ። መብራት ጠፍቷል።

እናቴ ከበላዬ ተንጠልጥላ ትወዛወዛለች። እኔ ምድር ላይ ቆሜ አንጋጥጬ አያለሁ። እኔ ነኝ ያስገባኋት፤ እኔ ነኝ ገመድ ነው ብዬ ያባበልኳት! «እማዬ! እማዬ!» ብዬ ጮህኩ።

ትንሿ መስኮት ተከፈተች። የነጠላዋ ጫፍ በነፋሱ ወጥቶ ተውለበለበ፤ ከዚያ ድምፅዋ መጣ። ሠፈር ውስጥ ለጨዋታ ወጥቼ ስቀር የምትጠራኝ ያ ድምፅ ነው።

«ምን ይገትርሻል? ሂጂ!»

«ቆማችኋል እኮ!»

«እኛ ብንቆም አንቺ አትቁሚ! ሂጂ ብያለሁ!»

ሄድኩ። ሳቅ መጣብኝ፣ እንባም መጣብኝ፤ ትንፋሹ ግን ለአንዱም አይበቃም ነበር። ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩት። ከኋላዬ ጄኔሬተሩ ሲንደቀደቅ ሰማሁ፤ ብዙም ሳይቆይ የቀይ ከፈዩ ክፍል ከበላዬ አልፎ ቀደመኝ።

ማርያም ደጅ

ስደርስ እናቴ ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ቶሎሳ አጠገቧ ቆሟል። ጫማዬን ስለማውለቅ ማሰብ አላስፈለገኝም። እናቴ አፈር የለበሱ እግሮቼን አየች። እጇን ዘረጋችልኝ፤ አንስቼ ደገፍኳት።

የጃንጥላውን እጀታ ሁለታችንም ይዘን ገባን። ካህኑ ተቀብለው ሲዘረጉት ያ ሁሉ ዓመት የታጠፈ ከፈይ እንዳዲስ ተከፈተ፤ ግቢው ውስጥ የነበሩ ሴቶች እልል አሉ። እናቴ ግንባሯን ደጁ ላይ አስነክታ ብዙ ቆየች። ስትነሳ «በቃ፣ ሐኪሙ ጋ ደውይ» አለችኝ። ያን ቃል ለመስማት ሌላም ተራራ እወጣ ነበር።

ቶሎሳ ያስቀመጠላትን ቦንቦሊኖ ቀዝቅዞም ቢሆን በላችው። እሱ ስላየው ነገር አውርቶ አይጠግብም። «ዊንጌት፣ አስኮ፣ ሳንሱሲ፣ ሁሉም መዳፍ ላይ ያለ ነው የሚመስለው፤ ከወዲያ የወጨጫ ተራራ፣ ደመናው ከሥሩ...» ይላል። ቃል በቃል ጻፍኩት፤ ስለ ኬብል ካሩ ከዚህ በላይ የማውቀው የለኝም።

አንድ ሰው ብቻ ከምጠቅስ ብዬ ወደ እናቴ ዞርኩ።

«አንቺስ እማዬ? ከላይ ሲታይ ከተማው እንዴት ነው?»

«ከተማውን አላየሁትም።»

«ፈርተሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነበር አይደል?»

«ኧረ አልጨፈንኩም» አለች፣ የቦንቦሊኖውን ስኳር ከጣቷ እያራገፈች። «ስትሄጂ እያየሁሽ ነበር።»