መስታወቱ ላይ የተጋረደው ብርድ ልብስ

ጎረቤቴን ጋሽ ደምሴን ታመው ልጠይቃቸው ብገባ፣ ራሳቸውን በሻሽ አጥብቀው አስረው ተኝተዋል። ክፍሉ ሎሚ ሎሚ ይሸታል። የአባቴ መኪናም እንዲሁ ይሸት ነበር።

አባቴ የእሳቸውን የጭነት መኪና ከአዳማ ሻሸመኔ ይነዳ ነበር። ራሱን ሲፈልጠው ዳር ይዞ ይቆማል፤ የፊቱን መስታወት በብርድ ልብስ ጋርዶ፣ ግንባሩን በሎሚ እያሸ ይተኛል። ልጅ ሳለሁ፣ ትምህርት ተዘግቶ አብሬው ስሄድ ሞጆ ላይ ሕመሙ ያዘው። ጋሽ ደምሴ ድንገት ደረሱና ብርድ ልብሱን ገፈፉት።

«ሹፌሬ በጠራራ ፀሐይ ሰክሮ ተኝቷል፤ ኑ እዩልኝ» እያሉ ሰው ሰበሰቡ።

አባቴ ዓይኑን በአንድ እጁ ሸፍኖ በሌላው ቁልፉን ሰጣቸው። ከዚያ ወዲያ አዳማ ውስጥ መኪናውን አምኖ የሚሰጠው ሰው አላገኘም።

ያን ዕለት ወደ መናኸሪያ በእግራችን ስንሄድ «ይሄ ሕመም ለጠላትም አይስጥ» አለኝ። እኔ ግን በልቤ «ለእሳቸው ስጥልኝ» አልኩ።

አሁን ሰላም ስላቸው፣ ጋሽ ደምሴ ዓይናቸውን ሳይገልጡ በድምፄ ለዩኝ።

«አንቺ ነሽ? እባክሽ መጋረጃውን ዝጊልኝ፤ ብርሃኑ ሊገድለኝ ነው።»

«እግዚአብሔር ይማርዎት» አልኩና ወንበሬን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ ተቀመጥኩ። መጋረጃውን አልነካሁትም። ፀሐይዋ ከእግራቸው ተነስታ ትራሳቸው ላይ እስክትወጣ ድረስ አልተነሳሁም።