ልብ ወለዱ ከሃዲ ያደረገው ዘብ

ከቁይ በላይ ያለችውን ጉብታ የያዝነው በጸሎተ ሐሙስ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ትእዛዙ አጭር ነበር፤ የሸለቆውን መንገድ ጠብቁ፣ እሳት አታንድዱ። ጊዜው የአምስቱ ዓመት ጦርነት ነው። ከመካከላችን ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የገባሁትም የሞተ ወንድሜን ጠመንጃ ይዤ ነው።

የጦራችን ጸሐፊ አለሙ ከነጻነት በኋላ ስለዚያች ጉብታ ለወጣቶች ልብ ወለድ ጻፈ። ደብረ ማርቆስ ማታ ማታ ማንበብ ስማር፣ መጀመሪያ የወደድኩት መጽሐፍ እሱ ነው። ጠመንጃ የያዘች ልጅ አለችበት፤ እኔን ትመስላለች። ረጅም ዓረፍተ ነገር ስለሚያደክመኝ እሷ ያለችበትን ገጽ ብቻ እየፈለግሁ ሌላውን እዘለው ነበር። በመጨረሻ እየፎከረች ትሞታለች። እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ አለቅስ ነበር።

ዘንድሮ እንደገና እንዳነበው ያደረገችኝ ዘይነባ ናት። አብሮን የዘመተው የጨው ነጋዴው የሰይድ ልጅ ናት፤ ቁይ ገበያ ላይ ሱቅ አላት። ልጇ ከትምህርት ቤት «የከሃዲ ዘር» ተብሎ ተደብድቦ መጣ። መጽሐፉን ፊቴ አስቀመጠችው።

«እትዬ አስካለ፣ አባቴ ያን ዕለት የት ነበር?»

«መጽሐፉ ምን ይላል?»

«ሌላው ሲበላ ሾልኮ ወርዶ ለጠላት ነገረ ይላል። ስሙን ለውጦታል። ጨው ነጋዴነቱንና ቁይን ግን አልለወጠም።»

አነበብኩት። አሁን አልዘለልኩም። የሆነው ግን እንዲህ ነው።

በጾም ከሰይድ ጋር አንድ ላይ ቆሎ እንቆረጥም ነበር። ከብት ሲታረድ የእኛን እሱ አይበላም፣ የእሱን እኛ አንበላም። ይህን አገር ያውቀዋል። በቀዳም ሥዑር አንዱ ሊነካካው ፈለገ።

«ሰይድ፣ ነገ ከድንጋዩ ኋላ ሆነህ ሽታው ይድረስህ።»

«እናንተ ስትጾሙ አብሬያችሁ ተራብኩ፤ ስትፈስኩ ልታባርሩኝ ነው?» አለ። ሳቅን።

በፋሲካ ማለዳ ከመንደር በግ ተላከልን። አለቃችን ባላምባራስ ይልማ ስለ እሳቱ አመነታ።

«ሁዳዴን ሙሉ ጾመን በደረቅ ጥሬ ልንፈስክ ነው?» አለ አለሙ። እሳቱንም ያነደደው ራሱ ነው።

ሰይድ «ጭሱ ከሸለቆው ይታያል፣ አጥፉት» አለ። የሰማው የለም። የዘቡ ተራ የአለሙ ነበር። ሰይድ ጠመንጃውን አነሣና «ብሉ፣ የእናንተ በዓል ነው። እኔ እቆማለሁ» ብሎ ወረደ። መጽሐፉ ሾለከ የሚለው ይህንን ነው።

ፀሐይ ከፍ ማለት ስትጀምር ጠላት መጣ። ጭሱን አይተው እንደመጡ በኋላ የማረክነው ባንዳ ነግሮናል። መጀመሪያ የተኮሰው ሰይድ ነው፤ ያስጠነቀቀንም ያ ተኩስ ነው። ከግራ መትረየስ ተከፈተብን። ሁለት ወንድማማቾች እጃቸው ላይ ሥጋ እንደያዙ ወደቁ። ባላምባራስ «ወደ ኋላ!» ብሎ ሳይጨርስ ተመታ። አፈገፈግን። የሰይድ ጠመንጃ እስከ ረፋድ ከታች ይሰማን ነበር። ከዚያ ዝም አለ። እኔ አልፎከርኩም። ጥይት አቀበልኩ፣ ተኮስኩ፣ ሲያልቅብኝ ሮጥኩ።

መጽሐፉን ይዤ ደብረ ማርቆስ አለሙ ቤት ሄድኩ። አሁን የተከበረ ሽማግሌ ነው፤ ሲገባ ሰው ይነሣለታል።

«አስኩ! መጽሐፌን ልታስፈርሚ መጥተሽ ነው?»

«ሰይድን ለምን ከሃዲ አደረግኸው?»

«ልብ ወለድ እኮ ነው። ከሃዲ ከሌለበት ልጆች አያነቡትም።»

«እሳት ያነደደው ጸሐፊ ቢኖርበት አያነቡትም ነበር?»

«የሞተ ሰው ምን ይጎዳል ብዬ ነው» አለ።

«ልጁ ቁይ አለች። የልጅ ልጁን እየደበደቡት ነው። ና፣ በገበያው መካከል ንገራቸው።»

«በዚህ ዕድሜዬ አታዋርጂኝ።»

«እኔ አላዋረድኩህም» ብዬ ወጣሁ።

እሱ ስላልመጣ እኔ ጻፍኩት። ዘይነባ ለልጇ መምህራን ትሰጠዋለች።

ያን ማለዳ አራት ሰው ሞተብን። ባላምባራስ ይልማ። የደብረ ኤልያሶቹ ወንድማማቾች መኮንንና ዳኜ። የቁዩ ሰይድ። ጠላት ሲለቅ ተመልሰን ሦስቱን በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ቀበርናቸው። ሰይድን ወገኖቹ በሥርዓታቸው ሊቀብሩት ወሰዱት፤ እኛም ቃሬዛውን እየተቀባበልን ሸኘነው። አለሙም ከፊቴ ሆኖ ተሸክሟል። ሰው ሊቀበለው ሲል እምቢ ብሎ እያለቀሰ እስከ መቃብሩ አድርሶታል። በመጽሐፉ ውስጥ ይህ የለም። እኔ ግን ስለሆነ ጽፌዋለሁ።