ኮሚቴው በአንበሳ ቤት

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ጎንደር ላይ ይህ ማለት የአዘዞን የከሳ በሬና የባለሥልጣን ውሻ ማከም ስለሆነ፣ ቤተ መንግሥቱ ግቢ ስላለው አሮጌ የአንበሳ ቤት በሚመክር ኮሚቴ ውስጥ ስገባ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። አንበሶቹ ካለቁ ቆይተዋል። የቀረው የድንጋይ ክፍል፣ የዛገ ፍርግርግና የድመት ሽታ ነው። አንበሳ ይመለስ ወይስ ይቅር የሚለውን መወሰን ነበረብን።

ሰብሳቢያችን ይመለስ ባይ ነበሩ። "ቱሪስት ድንጋይ ብቻ አይቶ አይጠግብም፤ የሚያገሳ ነገር ይፈልጋል" ይላሉ። ቦታው ለፍየል እንኳ ይጠባል ብዬ ጻፍኩ፤ ያነበበልኝ የለም። ስለዚህ አንበሶቹን ይቀልቡ የነበሩትን ሽማግሌ ከአምባ ጊዮርጊስ አስመጣኋቸው።

ሁላችንም ፍርግርጉ ፊት ቆመን፣ "አያ፣ እስኪ ስለ መጨረሻው አንበሳ ይንገሩን" አልኳቸው።

"ሸጋ አንበሳ ነበር። ኋላ ግን ጥርሱ ረግፎ ሥጋውን የምከትፍለት እኔ ነበርሁ። አንድ ቀን በሩን ሳልዘጋ ሄጄ፣ ትዝ ሲለኝ እየሮጥሁ ብመለስ እዚያው ተጋድሟል። ቀና ብሎ አየኝና መልሶ ተኛ። መውጣት የሚባለውን ረስቶታል።"

ሰብሳቢው ግን "ለማንኛውም ስፋቱ ይለካ" ብለው ሜትር ይዘው ገቡ። የበሩን ጀርባ ለመለካት መዝጊያውን ሳብ ሲያደርጉት ማጠፊያው ተሰበረ፤ በሩ ዘሞ እሳቸው ውስጥ እንዳሉ ተቀረቀረ። ብንገፋው፣ ብንስበው፣ እምቢ አለ። አንዱ ባልደረባችን በያጅ ፍለጋ ሮጠ።

በዚህ መሀል ከማክሰኝት ለጉብኝት የመጡ እናቶች ደረሱ። አንዷ ሰብሳቢውን ትክ ብለው አዩና፣ "ምነው፣ ምን አጥፍተው ነው?" አሉ።

"አይዞሽ እመይቴ፣ አይናከሱም፤ ኮሚቴ ናቸው" አሉ ሽማግሌው።

ሴትዮዋ አዘኑ፤ ከነጠላቸው ጫፍ ቆሎ ፈተው በፍርግርጉ መሀል አቀበሏቸው። ሰብሳቢያችን አመስግነው በሉ። እኔ ከግንብ ጀርባ ሄጄ እስኪያመኝ ሳቅሁ። ስመለስ ሰውዬው ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሱ ነበር። ስድስት እርምጃ፣ ዞር፣ ስድስት እርምጃ። ያኔ ሳቄ ጠፋ።

በያጁ የመጣው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ሰብሳቢው ሱሪያቸውን አራገፉና ወደ ጸሐፊያችን ዞሩ።

"አንበሳው ይቅር ብለህ ጻፍ" አሉ። "ቤቱ ታድሶ እንዲሁ ባዶውን ይጎብኝ። በሩ ከውስጥም የሚከፈት ይሁን።"