ለባትስማኑ የሮጥኩ ዕለት

ቤት ለቤት አስታማሚ የሚልከው ኤጀንሲ ኮል ያደረገልኝ መኪና ውስጥ እያለሁ ነው። «አዲስ ክላየንት አለ፤ ዌስተርቪል። ጉልበታቸውን ሰርጀሪ ተደርገው የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ትንሽ ያስቸግራሉ» አለችኝ ሺፍት የምትደለድለው ልጅ። «ትንሽ ያስቸግራሉ» በእኛ ሥራ ቋንቋ «ከአንቺ በፊት ሁለት ሰው አባረዋል» ማለት ነው። እኔ ግን አስቸጋሪ ሽማግሌ አልፈራም፤ አባቴን አስታምሜአለሁ።

በማግስቱ ጠዋት በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ናት። ለሥራ እየተጣደፈች ስለነበር አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ እንዳስገባች፣ «አባቴ ምግብ አይመርጥም፤ ኤክሰርሳይዙን ግን ንክች አላደርግም ብሏል» ብላኝ ወጣች።

ሰውዬው መስኮቱ አጠገብ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ረጅም፣ ጠይም፣ ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ የነጣ፤ ትከሻቸው ግን የሽማግሌ ትከሻ አይደለም።

«ከየት ነሽ?» አሉኝ።

«ከኢትዮጵያ።»

ፊታቸው በራ። «እንግዲያው ሯጭ ነሽ!»

«እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ሮጬ የማውቀው ታክሲ ለመያዝ ብቻ ነው» አልኳቸው። ሳቁ፤ ግን እንዳላመኑኝ ገባኝ።

በስማቸው ልጠራቸው አፌ እምቢ ስላለኝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ጋሼ» አልኳቸው። ትርጉሙን ነግሬአቸው በጣም ወደዱት። ኤክሰርሳይዙን ግን ልጃቸው እንዳለችው ንክች አላደረጉም። ቴራፒስቱ ያዘዘው ከባድ ነገር አልነበረም፦ ሳይደገፉ ጥቂት ደቂቃ መቆም፣ ጉልበትን አጠፍ ማድረግ፣ ክብደትን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማዛወር። ለመንኳቸው፣ ተቆጣሁ፣ አኮረፍኩ። እሳቸው እቴ!

በአራተኛው ቀን ፎጣ ስፈልግ ቁም ሳጥን ውስጥ በአሮጌ ጨርቅ የተጠቀለለ እንጨት አገኘሁ። ጠፍጣፋ፣ የጀልባ መቅዘፊያ የሚመስል፣ እጀታው በጎማ የተሸፈነ። ይዤው ሳሎን ገባሁና «ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

ብድግ አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ለምኜአቸው ያልተነሡት ሰውዬ የሚደገፉበትን ዎከር ወዲያ ገፍተው ብድግ አሉ! እንጨቱን ተቀበሉኝ፣ ጎንበስ አሉ፣ ጫፉን ምንጣፉ ላይ ሁለቴ ነካ ነካ አደረጉት። ጉልበታቸው አጠፍ አለ። ክብደታቸው ከኋለኛው እግር ወደ ፊተኛው ሄደ፣ ተመለሰ። ቴራፒስቱ ያዘዘውን አንድ ሳያጎድሉ እየሠሩ ነው።

«ካልሲ ጠቅልለሽ ወርውሪልኝ» አሉኝ።

ወረወርኩ። መቱት። ካልሲው ከግድግዳው ጋር ተላትሞ ሶፋው ሥር ገባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሃያ ካልሲ እወረውር ነበር። ቴራፒስቱ ሲመጣ «ምን አደረግሻቸው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ምሥጢሩን አልነገርኩትም።

ጋሼ ለካ በሥራ ዘመናቸው የክሪኬት ባትስማን፣ ኳስ መቺ፣ ነበሩ፤ ያውም ለአገር የተሰለፉ። ስለ ክሪኬት ምንም አላውቅም ነበር፤ ያስረዱኝ የምግብ ጠረጴዛው ላይ በጨውና በቁንዶ በርበሬ ዕቃ ነው። ከባትስማኑ ኋላ ሦስት ቀጫጭን እንጨቶች ይተከላሉ። ወርዋሪው እየተንደረደረ መጥቶ በኳስ ሊመታቸው ይሞክራል፤ ባትስማኑ ይከላከላል። አርቆ ከመታ ደግሞ ወዲያ ማዶ ከቆመው ጓደኛው ጋር እየሮጡ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ አንድ ጊዜ ከተለዋወጡ አንድ ነጥብ ነው። ሳይደርሱ ኳሱ እንጨቶቹን ከመታ ባትስማኑ ከጨዋታ ወጣ ማለት ነው። ኳሱ መሬት ለመሬት ሄዶ ከሜዳው መስመር ካለፈ ግን መሮጥም አያስፈልግ፣ አራት ነጥብ ነው።

«በቃ ይኸው ነው» አሉኝ። «የቀረው ትዕግሥት ነው።»

የተወለዱት ከካሪቢያን ደሴቶች በአንዷ ነው። በሃያ ሁለት ዓመታቸው ለደሴቶቹ የጋራ ቡድን ተመረጡ። የመንደሩ ሰው ሁሉ ሬዲዮ ከቦ ተቀመጠ። ጋሼም ነጭ በነጭ ለብሰው ሜዳ ገቡ፤ የመጀመሪያው ኳስ ተወረወረ፣ እንጨቶቹ ተበተኑ፣ ወጡ።

«እናቴ ድስቷን ላማስል ብላ ዞር አለች፤ ስትመለስ እኔ የለሁም!» ይላሉ እየሳቁ። ያን ጊዜ ግን አልሳቁም። ከቡድኑ ተቀነሱና እንግሊዝ አገር ሄደው በአንዲት ዝናባማ የፋብሪካ ከተማ ክለብ ተቀጠሩ። ቅዳሜና እሑድ ይጫወታሉ፤ በሳምንቱ መሐል የሜዳውን ሣር ያጭዳሉ። የሚኖሩት ከዳቦ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ነበር፤ ምድጃው ከሥር ስለሚያሞቃት ነው የመረጧት። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ተጫዋች ተጎድቶ ተመልሰው ተጠሩ።

«ትልቁ ጨዋታዎ የቱ ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው አንድ ቀን ሾርባ አቅርቤላቸው።

«አምስተኛው ቀን ላይ ነበርን…»

«አምስተኛው ቀን?»

«አዎ፣ አምስት ቀን ነው የሚፈጀው። ልንሸነፍ ነበር። ከምሳ በኋላ ገብቼ እስከ መጨረሻው ቆምኩ።»

«ስንት አገቡ?»

«ብዙም አላገባሁ።»

«ታዲያ ምን ሠሩ?»

«አልወጣሁማ!» አሉኝ፣ ማንኪያውን ገፋ አድርገው። «ሊያወጡኝ ያልሞከሩት ነገር የለም። አልወጣሁም። ጨዋታው ያለአሸናፊ አለቀ።»

ማታ ለባለቤቴ ብነግረው ሊያምነኝ አልቻለም። ካናል ዊንቸስተር ከተማ ያለ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን፣ ውስጥ ነው የሚሠራው። «አምስት ቀን ሙሉ ተጫውተው ማንም ሳያሸንፍ? ሱፐርቫይዘራቸው ምን አለ?» አለኝ።

በጋው ሲገባ ጋሼ በከዘራ መሄድ ጀመሩ። አንድ ቅዳሜ ወደ ፓርክ ይዣቸው ወጣሁ። ሜዳው ላይ የህንድ፣ የፓኪስታንና የኔፓል ልጆች ክሪኬት ይለማመዳሉ። ቆመን ስናይ ቆየንና ጋሼ አላስቻላቸውም። «ክርንህን ከፍ አድርግ!» ብለው ጮኹ።

የሚመታው ሰው ጨዋታውን አቁሞ መጣ። ካፒቴኑ ነበር። ፊቱን ቋጥሮ «ይቅርታ፣ ማን ነዎት?» አላቸው። ስማቸውን ነገሩት። ስልኩን አውጥቶ ፈለገ፣ ስልኩን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ደግሞ ስልኩን አየ። ከዚያ በሂንዲ ይሁን በኡርዱ አንድ ነገር ሲጮህ ሜዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ እየሮጠ መጣ። ጋሼን ተራ በተራ ጨበጧቸው። አንዱ እጃቸውን ይዞ አልለቅ አለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የወዳጅነት ጨዋታ ስለነበራቸው በእንግድነት እንዲሰለፉላቸው ለመኗቸው። ልጃቸው ስትሰማ ጮኸች። ቴራፒስቱ ግን «ቆመው ይምቱ፤ እንዳይሮጡ ብቻ» አለ።

ካፒቴኑ ኮል ስናደርግለት «ችግር የለም። ለተጎዳ ባትስማን ሌላ ሰው ይሮጥለታል፤ ፈጣን ልጅ አለን» አለ።

«የለም፣ ሯጭ ይዤ እመጣለሁ» አሉት ጋሼ፣ እያዩኝ። «ኢትዮጵያዊት ናት።»

«ኦ!» አለ ካፒቴኑ በስፒከር፤ ክርክሩ በዚችው አለቀ።

ልጄ ወሬውን ስትሰማ «ማም፣ ዩ ካንት ራን!» ብላ በሳቅ ሞተች። የዚያኑ ሳምንት ግን አፓርትመንታችን ፓርኪንግ ውስጥ በስልኳ ሰዓት እየያዘች አሯሯጠችኝ። ጋሼም በበኩላቸው አስጠኑኝ፦ «የስ ካልኩ ሩጪ፤ ኖ ካልኩ እንዳትንቀሳቀሺ፤ ዌይት ካልኩ ዓይኔን እያየሽ ጠብቂ።»

ቅዳሜ ደረሰ። እንደ ባትስማኑ መልበስ አለባት ተብሎ ሁለት ትራስ የሚያህል የእግር መከላከያ አሰሩልኝ። ጋሼ ከዘራቸውን ለልጃቸው ሰጥተው ባት የሚሉትን ያን መምቻ እንጨታቸውን አንሥተው ቦታቸውን ያዙ። እኔ ከጎን፣ ከዳኛው አጠገብ ቆምኩ።

የመጀመሪያው ኳስ መጣ። ጋሼ ባታቸውን ዝቅ አድርገው እግራቸው ሥር አበረዱት። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጡና ባቱ ሲወዛወዝ አየሁ፤ ኳሱ በሣሩ ላይ እየተንሸራተተ መስመሩን አለፈ። ንፁህ አራት ነው፤ ሩጫ አያስፈልገውም። እኔ ግን በድንጋጤ ሮጬ ማዶ ደርሼ ነበር። ሜዳው በሙሉ ሳቀ፤ ባለቤቴ ከዳር ሆኖ «በርቺ! አንድ ዙር ቀረሽ!» ይላል።

ከዚያ ለመድኩት። «የስ!» ይላሉ፣ እበራለሁ። አንዴ ሁለት ጊዜ ተመላልሼ ስደርስ የሌላው ቡድን ተጫዋች ራሱ አጨበጨበልኝ። አሥራ ዘጠኝ ነጥብ ላይ ደረስን።

በቀጣዩ ኳስ ጋሼ ወደ ቀኝ መቱና «የስ!» ብለው ጮኹ። ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ ዞር ብዬ ሳይ እሳቸውም እየሮጡ ነው! ጉልበታቸውን ረስተውታል። እኔም ነጥቡን ረሳሁት። ወደ ማዶ መሮጤን ትቼ ወደ እሳቸው ዞርኩና «ጋሼ! በማርያም ይቁሙ!» እያልኩ ወገባቸውን ይዤ አቆምኳቸው። እንደተቃቀፍን ኳሱ ከኋላችን እንጨቶቹን ሲበትናቸው ሰማን።

ዳኛው «ወጥተዋል» ለማለት ጣቱን ከፍ አደረገ።

«አስወጣሁዎት» አልኩ። ልቅሶዬ መጥቶ ነበር።

ጋሼ የተበተኑትን እንጨቶች አዩ፣ ወገባቸው ላይ ያለውን እጄን አዩ። «በየዓይነቱ ወጥቼ አውቃለሁ» አሉኝ፤ «በአስታማሚዬ እቅፍ ሆኜ ስወጣ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው!» ሳቃቸው ፈነዳ። ልጃቸው ፊቷ አመድ መስሎ እየሮጠች መጥታ ስንስቅ ስታየን «ምን ሆናችኋል?» ብላ ልትቆጣን ነበር፤ እሷም አልቻለችም። ሦስታችን ተደጋግፈን ስንወጣ ሁለቱም ቡድኖች ግራና ቀኝ ተሰልፈው አጨበጨቡ። ጋሼ ባታቸውን ወደ ሰማይ አነሡ።

ጉልበታቸው ምንም አልሆነ። መኸር ላይ ቴራፒስቱ «ከዚህ በኋላ ረዳት አያስፈልጋቸውም» ብሎ ፈረመና ኤጀንሲው ወደ ሌላ ክላየንት መደበኝ። ክለቡ ግን ጋሼን አሠልጣኝ አደረጋቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ታጣፊ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ይጮኻሉ። እኔም ሺፍት ከሌለኝ ሳምቡሳ ይዤ እሄዳለሁ፤ ነጥብ የሚመዘገብበትን ደብተር ለእኔ ሰጥተውኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ዝናብ ጨዋታውን አቋርጦት ጋሼ፣ ልጄና እኔ መኪናዬ ውስጥ ሆነን ሳምቡሳውን ስንበላ ቆየን። ሲያባራ ዳኞቹ ጨዋታው ይቀጥል እንደሆነ ሣሩን ሊያዩ ወጡ። ጋሼ መስኮቱን ዝቅ አድርገው «ደርቋል! ደርቋል!» እያሉ ጮኹባቸው። አልደረቀም ነበር።