መልእክቱ ቤተ ክርስቲያን፣ እኔ አል-ጣኢፍ

ከምኖርበት ከማዮ ሰፈር የወጣሁት ልጄን ሜሮንን ፍለጋ ነው። ከከተማው ማዶ፣ አል-ጣኢፍ የሚባል የሀብታም ሰፈር፣ ሰው ቤት ልጆች ትጠብቃለች፣ ማታ ኮምፒውተር ትማራለች። ኢንተርኔቱም ስልኩም ከተቋረጠ፣ መንገዱም ሰልፈኞች በሚያቃጥሉት ጎማ ጭስ ከታፈነ ወዲህ ድምፅዋን አልሰማሁም።

ከጓደኞቿ ጋር የሠሩትን ፕሮግራም በእኔም በቤተ ክርስቲያን ሰዎቻችንም ስልክ ላይ ጭናልን ነበር። ያለ ኔትወርክ፣ ሰው ከሰው ሲቀራረብ ስልኮቹ መልእክቱን ይቀባበሉታል። ውስጡ ያለው ሰው ሠራሽ አእምሮ ማን ከማን የት እንደሚገናኝ እያየ ይማራል፣ መልእክቱንም ለማን እንደሚያስይዝ ይመርጣል አለችኝ። ይማር አይማር እንጃ፣ የእኔ ስልክ ድንጋይ ሆኖ ሰነበተ።

ዓርብ ጠዋት

እዚህ የእረፍት ቀን ዓርብ ስለሆነ የምናስቀድሰውም ዓርብ ነው። ጎረቤቴ እትዬ አልማዝ ነጠላዋን አጣፍታ ልትወስደኝ መጣች። ልጄ ሳትገኝ በምን ልቤ ልቁም ብዬ ቀረሁ።

ረክሻ ያዝኩ። ባለ ሦስት እግሩ በአሸዋ ሲያንገላታኝ ቆይቶ፣ ወደፊት ዝግ ነው ብሎ መንገድ ላይ አወረደኝ። ሒሳቡን ግን አልቀነሰም። በእግሬ ስሄድ ወታደር አስቁሞ ኢቃማ ጠየቀኝ። የመኖሪያ ወረቀቴን አገላብጦ አየና፣ «ያላ፣ ያ ኻላ፣ አክስቴ፣ ቶሎ ቤትሽ ግቢ» አለኝ።

አል-ጣኢፍ

በሩን ዘበኛው ሽማግሌ ከፈተ። ባለቤቶቹ ትናንት ልጆቹን ጭነው ወጥተዋል አለኝ።

«ልጄስ?»

«አብራቸው ሄዳለች።»

«ወዴት?»

«አላህ ያውቃል።»

በጣሳ ውሃ ሰጠኝ፣ ጠጣሁና በዚያ ፀሐይ ተመለስኩ።

ማዮ፣ ወደ ማታ

እትዬ አልማዝ ደጄ ላይ ተቀምጣለች። ስጠጋት ስልኬ ጮኸ። ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩት፦ «እማዬ፣ ደህና ነኝ። ከቤተሰቡ ጋር ወደ መደኒ ከተማ ልንወጣ ነው። አደራ፣ ከቤት እንዳትወጪ።»

አልማዝ እንደነገረችኝ፣ መልእክቱን ከትናንት ጀምሮ የያዘው የጽጌ ስልክ ነው። ጽጌ ከሜሮን ቤት አጠገብ የምትሠራ ልጅ ናት፤ እኔ በሩ ላይ ስቆም እሷ ቅዳሴ ላይ ነበረች። እዚያ እኔን ሲያጣኝ ስልኳ ለአልማዝ ስልክ አቀበለው።

«ፕሮግራሙ ምነው ሌላ መንገድ አልፈለገም?» አልኩ ተናድጄ።

«ምን ያድርግ? ዓርብ ቀርተሽ አታውቂም። ማሽኑ እንኳ ክርስቲያን ናት ብሎ አምኖሽ ነበር፣ አንቺ ሴትዮ።»

ሳቀች፤ እኔ አለቀስኩ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፦ የነሜሮን ፕሮግራም ሰው በደህና ቀን የት እንደሚውል አጥንቷል። ልጇ የጠፋችባት እናት የት እንደምትውል ግን ገና አላጠናም።

ከቤት እንዳትወጪ ብላኛለች። የመደኒ አውቶቡስ ከየት እንደሚነሳ ግን አልማዝን ጠይቄያለሁ።